በረኪናው ያባብሰዋል

ባለፈው ወር ለአንድ ጉዳይ ካዛንቺስ ሄጄ ነበር። አዲስ ሕንጻ ነው፤ አሳንሰሩ ግን አይሠራም። በደረጃ ስወጣ አንዲት ልጅ ተንበርክካ ወለሉን ስታባብስ ደረስኩ። ጨርቁን ትነክራለች፣ ትጨምቃለች፣ ታባብሳለች። ቀና ብላ፣ «ይለፉ እትዬ፣ ይለፉ፣ ችግር የለውም» አለችኝ።

እኔ ግን ቆምኩ። እርጥቡን ወለል ፈርቼ አይደለም። የበረኪና ሽታ አፍንጫ ላይ አይቆምም፤ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ቀጥሎ ጉሮሮን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ልጅቷ ፊቴን አይታ፣ «ውይ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?» አለች።

«በረኪናው ነው» አልኳት።

«አዎ፣ ይሄ ነገር እኮ ሳይነስ ላለበት ሰው ያባብሳል» አለችና ባልዲዋን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችልኝ።

ወለሉን ታባብሳለች። በረኪናው ሳይነስን ያባብሳል። ሁለቱን ወረቀት ላይ ባስቀምጣቸው በፊደል የሚለያቸው ሰው የለም። ለይቶ የሚሰማቸው ጆሮ ነው፤ እሱም ከልጅነቱ አማርኛ የሰማ ጆሮ። የእኔ ጆሮ እንደዚያ አልነበረም።

የእኛ ግቢ ከዚያ ሕንጻ ሥር ይሁን ከጎኑ፣ አሁን መለየት አይቻልም፤ ፈርሶ ተደልድሏል። የጭቃ ግድግዳ ያላቸው ክፍሎች ፊት ለፊት የተፋጠጡበት፣ መካከሉ ላይ አንድ ቧንቧ የቆመበት ጠባብ ግቢ ነበር። ከዳር እስከ ዳር የልብስ ገመድ ተወጥሮበታል። ገመዱ የሁሉም ነው ይባላል እንጂ የእናቴ ነበር። እናቴ ወደ መስቀል ፍላወር በሚወስደው መንገድ ላይ ላለ አንድ ፔንሲዮን አንሶላ ታጥብ ነበር። አንሶላው ጠዋት በማዳበሪያ ታጭቆ ይመጣል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ይመለሳል። ፀሐይ በወጣ ቀን ግቢው ሁሉ ነጭ ግድግዳ ይሆንና ሰው እያጎነበሰ ነበር የሚያልፈው።

አባቴ ካረፈ በኋላ ነው ከጉራጌ አገር የመጣነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ፊደል አልቆጠርኩም። አማርኛውን ግን ከእናቴ ቀድሜ ስለያዝኩ የእናቴ አፍ እኔ ሆንኩ። ከፔንሲዮኗ ባለቤት ጋር የምነጋገረው እኔ፣ ከባለሱቁ ጋር የምከራከረው እኔ። ያልገባኝን ቃል አልጠይቅም ነበር። ከአጠገቡ ካሉት ቃላት እገምትና እሞላዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካልኛል። ክፋቱም መሳካቱ ነበር።

ሳይሳካልኝ የቀረበትም ነበር። ፔንሲዮን የሚሉትን ነገር የበሽተኞች ማደሪያ አድርጌ ይዤው ነበር። በየቀኑ ይህን ያህል አንሶላ የሚቆሽሽበት፣ አንዳንዱም ደም ያለበት፣ ሌላ ምን ቤት ሊሆን ይችላል? በዚህ ከተማ ምን ያህል ሰው ቢታመም ነው እያልኩ አዝን ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ለቴዲ ነገርኩት። ቴዲ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ልጅ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ለገሃር አካባቢ ካለ ቪዲዮ ቤት የማይጠፋ። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ሆስፒታል መስሎሽ ነው? ኧረ አንቺ ልጅ ፋራ ነሽ! በቃ ዶክተርም ቅጠሪላቸው!»

ምን እንዳሳቀው አልነገረኝም። እናቴን ስጠይቃት፣ «በሽተኞች ናቸው፣ ትክክል ነሽ» አለችኝና አንሶላውን መፈተጓን ቀጠለች።

ለእኔ የከተማው ተአምር በረኪና ነበር። በአገራችን ነጠብጣብ የያዘ ልብስ ከነጠብጣቡ ያረጃል። እዚህ ግን እናቴ ከዚያ ከሰማያዊ ጠርሙስ ትንሽ ጠብ ታደርግና ደሙ መጀመሪያ ቡና ይመስላል፣ ቀጥሎ ሻይ፣ ቀጥሎ የለም። ሳፋው ላይ አጎንብሼ ነጠብጣቡ ሲሞት አይ ነበር። እናቴ በክርኗ ትገፋኛለች። «ዞር በይ። ዓይንሽን ይበላዋል።» እሷን ግን አንድም ቀን ዞር ስትል አላየኋትም።

ሳሏ የጀመረው ያን ክረምት ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው አለች። ዝናቡ ሲከር አንሶላው ውጭ ስለማይሰጣ ቤት ውስጥ፣ አልጋችን ላይ ተንጠልጥሎ ይውል ጀመር፤ ስንተኛ ሽታው ከእኛ ጋር ይተኛል። ደረቷ እንደ ተቀደደ ወናፍ ማፏጨት ያዘ። በነሐሴ እትዬ አስካለ አስገድዳ ጤና ጣቢያ ላከችን።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ከበሩ ውጭ ያለው ሰልፍ ሰላም የነሳው። ደረቷን አዳመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ሥራዋ ምንድነው?»

«አንሶላ ታጥባለች።»

«በምን?»

«በሳሙና። በበረኪናም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በረኪናው ያባብሰዋል። ገባሽ? ያባብሰዋል። ንገሪያት» አለና እጁን ከአፍንጫው ፊት ዝንብ እንደሚያባርር አወናጨፈ። ወዲያው ቀጣዩ በሽተኛ አንገቱን በበሩ አስገባ።

ገብቶኛል። በጣም ነው የገባኝ። በዚያው ሰሞን ቧንቧው ጋ አንሸራትቶኝ ወድቄ ሳለቅስ እትዬ አስካለ አንስታኝ፣ «ነይ፣ ነይ የኔ እናት፣ እንባሽን ላባብስልሽ» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠርጋልኝ ነበር። ማባበስ ያ ነው። ለስላሳ ጨርቅ፣ ሰው የሚሸት ሙቀት። በረኪና የአንሶላውን ደም አባብሶ እንደሚያጠፋው የእናቴንም ደረት ያባብሰዋል። እንዴት እስካሁን አላሰብነውም?

ቂርቆስ ጋ ስንደርስ እናቴ በቋንቋችን፣ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«በረኪናው ደረትሽን ይጠርገዋል አለ።»

ቆመች። ፊቴን አየችው፤ አንድ ነገር የጠፋባት ይመስል ቀስ ብላ ነው ያየችው። ከዚያ ሳቀች። ሳቁ ሳሉን ቀሰቀሰውና የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፤ ስትስልም ትስቃለች። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ።

«እንዲያ አለ?»

«አዎ። ሁለት ጊዜ ነው ያለው።»

«እንግዲያ ጎበዝ ሐኪም ነው» አለችና ተነሳች። ደስ ያላት መሰለኝ። እኔም እጇን ይዤ እየዘለልኩ ገባሁ።

እዚህ ላይ ጋሽ መርዕድን ማስተዋወቅ አለብኝ። የግቢው መጨረሻ ክፍል የእሳቸው ነበር። ባንዲራ በብዛት ከሚውለበለብበት አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ሲተይቡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስት የሞተችባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሰው ናቸው። ለገበያም ሲወጡ ነጭ ሸሚዝ ነው፤ ኮሌታው እስከ መጨረሻው ተቆልፎ። ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ የግቢውን ልጆች ሰብስበው እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። እኔ ከሩቅ፣ አንሶላ እያጠፍኩ፣ የምሰማውን በከንፈሬ እደግማለሁ። አይተውኝ ኖሯል። ለእናቴ፣ በእኔው አፍ፣ ብዙ ጊዜ ተናግረዋታል፦ «ይህችን ልጅ ትምህርት ቤት አስገቢያት። ጊዜው አልፎባታል፣ ከዚህ በላይ አይለፍባት።»

የእናቴ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «አንሶላውን ከወዲያ ጫፍ ማን ይይዝልኛል?» እውነቷን ነው። የራሰ አንሶላ ለብቻ አይጠመዘዝም። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ይዞ በተቃራኒ ማዞር ነው። ከወዲያ ጫፍ ያለሁት እኔ ነበርኩ።

ከጤና ጣቢያው በተመለስን ማግስት እናቴ ወደ ጋሽ መርዕድ በረንዳ ይዛኝ ሄደች።

«ንገሪያቸው» አለችኝ። «ከመስከረም ጀምሮ ትማራለች በያቸው። አንሶላውን ብቻዬን እችለዋለሁ።»

ነገርኳቸው። ጋሽ መርዕድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን ተገኘ?»

«ተሽሎኛል በያቸው» አለች እናቴ። ቀጥላም፣ «በነጻ ግን አይደለም። ከትምህርት ቤት ስትመጣ እንግሊዝኛውን ያስተምሩልኝ፤ እኔ ሸሚዛቸውን አጥባለሁ። እንደ አንሶላው ነጭ አደርገዋለሁ።»

ጋሽ መርዕድ ኮሌታቸውን ነካ አድርገው እንደ ልጅ ተሽኮረመሙ። እንደዚያ ነው የተዋዋልነው።

አንደኛ ክፍል ገባሁ። ከመምህሯ ትከሻ ጋር እኩል ነበርኩ። ከኋላዬ የተቀመጡት ሕጻናት፣ «አክስቴ፣ ዝቅ ይበሉ፣ ሰሌዳው አልታየንም!» እያሉ ይጮሁ ነበር። አንዷማ ጫማዋን እንዳስርላት እግሯን ትዘረጋልኝ ነበር፤ አስርላታለሁም። ግድ አልነበረኝም። እናቴ እየዳነች፣ እኔ እየተማርኩ ነው። ሁለቱም የመጣው ከአንዲት ሰማያዊ ጠርሙስ ነው። ፊደሉ ገብቶኝ የጠርሙሱን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩ ቀን ጠርሙሱን ስሜዋለሁ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ከመስኮታችን ብረት ጋር አስራ ሌላውን ስትጠመዝዝ አገኛታለሁ። ብረቱ እንደ ሰው አይደለም፤ እጁን አያዞርም። ስለዚህ ሁለት እጥፍ የምትዞረው እሷ ናት። ላግዝሽ ስላት፣ «ሂጂ፣ ጋሽ መርዕድ እየጠበቁሽ ነው» ትለኛለች። ስትስል ደግሞ ልቤ ደስ ይለው ነበር። እየወጣ ነው፣ እየጠረገው ነው እላለሁ። እንዲያውም የበረኪናውን ክዳን ከፍቼ ጠርሙሱን ከሳፋው አጠገብ፣ እሷ ከምታጎነብስበት ሥር አስቀምጥላት ነበር። መልሳ ትከድነዋለች። እንዳያልቅ ብላ የምትቆጥብ ይመስለኝ ነበር።

በታኅሣሥ ነው፤ ጸሐይዋ ደማቅ፣ ጥላው ብርድ በሆነበት ሰሞን። በረንዳው ላይ ተቀምጠናል። እናቴ ቧንቧው ጋ ናት፤ ገመዱ ላይ ከአንሶላዎቹ መጨረሻ የጋሽ መርዕድ ሸሚዞች ተሰጥተው ውሃ ያንጠባጥባሉ። ቴዲ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲያልፍ ጋሽ መርዕድ ለመቶኛ ጊዜ ስለ ሥራ ፍለጋው ጠየቁት።

«ኧረ ጋሼ፣ በቃ አግራቬት አያርጉኝ!»

ጋሽ መርዕድ ጠመኔውን አወረዱት። «ምን አልክ?»

«አግራቬት… ማለቴ አያናዱኝ። ፊልም ላይ እኮ እንደዚህ ነው የሚሉት።»

«ፊልም ላይ ሰውም ይገድላሉ። በእኔ በረንዳ ላይ ሰው አግራቬት አይደረግም። ሕመም ይደረጋል። ቁስል ይደረጋል። ጠብ ይደረጋል። ቃሉ ተሳቢ ይፈልጋል፤ ተሳቢው ደግሞ አስቀድሞ የከፋ ነገር መሆን አለበት። ደህና ነገር አግራቬት አይሆንም!»

«ታዲያ እኔ ደህና ነኝ እንዴ ጋሼ? ሥራ የለኝ፣ ሳንቲም የለኝ፣ እናቴ በቀን ሦስቴ ትረግመኛለች…»

ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ መርዕድም ሳይወዱ ሳቁ። «እንግዲያስ አንተን ይቻላል» አሉትና ወደ እኛ ዞሩ። «ትርጉሙ ማባባስ ነው። ማነው ዓረፍተ ነገር የሚሠራልኝ?» ቃሉን የበሩ ሳንቃ ላይ በጠመኔ ጻፉት፤ ከፊቱና ከኋላው ባዶ ቦታ ትተው።

እጄን አወጣሁ። ቃሉን ከእነሱ ሁሉ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። የጋሽ መርዕድ ሕግም ልክ ነው፤ ንጹሕ ነገር ማን ያባብሳል? የሚባበሰው የቆሸሸ፣ ያለቀሰ፣ የታመመ ነው።

«ጋሼ፣ ደረት በእንግሊዝኛ ምንድነው?»

«ቼስት።»

ተነሳሁ። ቃላቱን አንድ በአንድ፣ እንደ ብርጭቆ እየተጠነቀቅሁ አስቀመጥኳቸው። «በረኪና አግራቬትስ ማይ ማዘርስ ቼስት።»

«ጎበዝ!» አሉ ጋሽ መርዕድ። «ሁለቱንም ‹ስ› ሳትረሺ! ይህ ቴዲ እንኳ…» አሉና ቀሪውን ዋጡት።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ሐኪሙ።»

«መቼ?»

«በነሐሴ። ትምህርት ቤት ሳልገባ።»

«ለእናትሽ ነገርሻት?»

«አዎ። በጣም ደስ አላት። ሳቀች።»

ልጆቹ ተጠቃቀሱ። ጋሽ መርዕድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነይ እስቲ። ማባባስ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

እጄን በጉንጬ ላይ አሳለፍኩ፣ እትዬ አስካለ እንዳደረገችልኝ። «መጥረግ። እንባን እንደማባበስ።»

እንዳልተቆጡኝ አስታውሳለሁ። ምነው በተቆጡኝ። ክፉን ነገር የበለጠ ማክፋት ማለት እንደሆነ፣ ሳል ያለበትን ሰው ሳሉን ማጽናት ማለት እንደሆነ፣ ቀስ ብለው፣ ለሕጻን ጉርሻ እንደሚያለዝብ ሰው እያለዘቡ ነገሩኝ። የእንግሊዝኛውን ቃል ተምሬ ያወቅሁት የአማርኛውን ነው። ብዙ ቆይቼ፣ ሰዋስው የሚሉት ነገር ሲገባኝ፣ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ፦ ያ ሐኪም «ያባብስባታል» ቢለኝ ኖሮ! አንዲት «ብ» ብቻ ብትገባበት። ለሰው የሚሆነውን በ«ል»፣ በሰው ላይ የሚሆነውን በ«ብ» መለየት ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ጠረገላት ሌላ ነው፣ ጠረገባት ሌላ ነው። ሐኪሙ ግን ቸኩሎ ነበር።

ጋሽ መርዕድ ወደ ገመዱ ሄዱ። ሸሚዞቻቸውን ገና እርጥብ ሳሉ አንድ በአንድ አውርደው በክንዳቸው ላይ ደረቧቸው። ውሃው ሱሪያቸው ላይ፣ ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ቀን በኋላ ለእናቴ ሸሚዝ አልሰጡም፤ ማስተማሩን ግን አልተዉም። በራሳቸው እጅ፣ በሳሙና ብቻ ያጥቡት ጀመር። ኮሌታቸው ቀስ በቀስ ብጫ ሆነ። ቴዲ አንድ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ኮሌታዎ ሻይ ጠጣ እንዴ?» ቢላቸው፣ በየቃሉ ላይ ጠብ የሚያነሱት ሰው ኮሌታቸውን ነካ አድርገው ወደ ጠመኔያቸው ተመለሱ።

ያን ዕለት ግን፣ ሸሚዞቹን እንደታቀፉ፣ በአገጫቸው ወደ ቧንቧው አመለከቱኝ። «ንገሪያት። አሁን ንገሪያት።»

እናቴ አንሶላ ከሳፋ እያወጣች ነበር። ፊቷ ቆምኩ። በቋንቋችን ሁለቱ ቃላት አይገናኙም፤ ሰው ቢፈልግም አያምታታቸውም።

«እማ፣ ሐኪሙ ይጠርገዋል አላለም። ያከፋዋል ነው ያለው። በረኪናው ነው የሚያሳምምሽ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ቀና አለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። የገረማት ነገር አልነበረም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ሐኪሙ ራሱ። አማርኛ ባላውቅ ዓይን የለኝም? እጁን እንዲህ እንዲህ እያደረገ፣ ፊቱን አጨማዶ የነገረሽን ነገር፣ ማንም ሰው መልካም ዜና እንዲያ አይነግርም።»

«ታዲያ ለምን ሳቅሽ? ለምን ዝም አልሽኝ?»

የአንሶላውን አንድ ጫፍ አቀበለችኝ። ሳላስብ ያዝኩት።

«ፊትሽን አይቼ ነው» አለች። «የምርሽን ነበር። ትልቅ ልጅ ሆነሽ፣ አንድ ቃል ስታጪ እንዲህ ትስቺያለሽ። ከእኔ ጋር ሳፋ ላይ ካደግሽ ዕድሜሽን ሙሉ እንደዚያ ስትስቺ ልትኖሪ ነው ብዬ ፈራሁ። ትግባና ትማር፣ አንድ ቀን መጥታ በትክክሉ ትነግረኛለች አልኩ።» ጠመዘዘች። እኔም በተቃራኒው ጠመዘዝኩ። ውሃው መካከላችን ፈሰሰ። «ይኸው ነገርሽኝ።»

«እንግዲያ ተዪው። ሌላ ሥራ እንፈልግ። እኔ ልቅርና…»

«አትቀሪም» አለች። እንዲህ ጠንክራ ተናግራኝ አታውቅም። ቀጥላ ልትናገር አየር ስትስብ ሳሉ ያዛት። ጫፏን ለቀቀችው። አንሶላው መሬት ላይ፣ ከቧንቧው ሥር ጭቃው ውስጥ ወደቀ። እጇን ከቧንቧው ላይ ጥላ፣ አጎንብሳ፣ እስኪያልፍላት ሳለች። እኔ የእኔን ጫፍ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

ሲያልፍላት አንሶላውን አነሳችው። ጭቃው ከዳር እስከ መሐል ጠጥቶታል። ገልብጣ አየችው፣ ሳፋው ውስጥ መልሳ ነከረችው፣ ሳትዞር እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ጠርሙሱን አቀብዪኝ።»

ጠርሙሱ እግሬ ሥር ነበር። ስሙን ማንበብ እችላለሁ። የሚያደርገውን በሦስት ቋንቋ መናገር እችላለሁ።

«ነይ እንጂ፣ ሊመሽ ነው» አለች እናቴ።

አቀበልኳት።